የሐይቅ በረዶ የተደራረበ አመዳይ አይደለም፦ ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

በሐይቅ፣ በወንዝና በባሕር ላይ ስለሚፈጠር በረዶ ውስጣዊ አሠራር የሚያትት አንድ ጽሑፍ ሰሞኑን አንብቤአለሁ። አጻጻፉ ሳቢ ነው፤ ርእሰ ጉዳዩም ብዙ ያልተጻፈበት በመሆኑ ጸሐፊው ማንሣታቸው የሚያስመሰግናቸው ነው። ይሁን እንጂ ከያዛቸው ፍሬ ነገሮች ብዙዎቹ ስሕተት ስለሆኑ ዝም ብሎ ማለፍ ተገቢ መስሎ አልታየኝም። ጽሑፉ በአጭሩ የሚለው ይህን ነው፦ በረዶ የሚንሳፈፈው በውስጡ አየር ስለያዘ ነው፤ የሐይቅ በረዶ ከሰማይ እንደሚወርደው አመዳይ ያሉ ባለ ስድስት ጎን ቅንጣቶች ተደራርበው የሠሩት ነው፤ የባሕር በረዶ ግን ጨው ክሪስታሉ ውስጥ ስለሚገባ ከሐይቅ በረዶ የተለየ የክሪስታል ዓይነት ነው፤ ብርዱ እጅግ ሲበረታም በረዶው ወደ ሌላ የክሪስታል ዓይነት ይለወጣል፤ በመጨረሻም የበረዶ ጥንካሬ የሚታወቀው በውፍረቱ ብቻ ነው።

እንደ እኔ አስተያየት እነዚህ ስሕተቶች ከሞላ ጎደል ከአንድ ምንጭ የተቀዱ ናቸው። ጸሐፊው ሞለኪውሎች እርስ በርስ የተያያዙበትን ሥርዓትና ክሪስታሎች በበረዶው ውስጥ የተሰለፉበትን ሥርዓት አንድ አድርገው ተመልክተዋል። የመጀመሪያው በምድር ላይ ባሉ የውሃ አካላት ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፤ ሁለተኛው ግን ከሐይቅ ሐይቅ፣ እንዲያውም በአንዱ ሐይቅ ላይ ከዳር እስከ መሐል ሊለያይ ይችላል።

ከመንሳፈፉ እንጀምር። በረዶ ከውሃ የቀለለው ሲረጋ አየር ስለሚያስር ቢሆን ኖሮ፣ አየሩ አስቀድሞ ወጥቶለት ቀስ ብሎ የረጋና አንዲት አረፋ የማይታይበት በረዶ በሰመጠ ነበር፤ ግን አይሰምጥም። አረፋ የሌለው ንጹሕ በረዶ በ0 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እፍጋቱ በሜትር ኩብ 917 ኪሎ ግራም ሲሆን፣ በዚያው የሙቀት መጠን ያለው ውሃ ግን ወደ 1,000 ኪሎ ግራም ይጠጋል። ልዩነቱን ያመጣው የሞለኪውሎቹ አቀማመጥ ነው። በበረዶ ውስጥ እያንዳንዱ የኦክስጅን አቶም በአራት ሌሎች የኦክስጅን አቶሞች የተከበበ ሲሆን፣ ከእያንዳንዳቸው ጋርም በ0.276 ናኖሜትር ገደማ ርቀት በሃይድሮጅን ትስስር ተያይዟል። በትስስሮቹ መካከል ያለው ማእዘን 109.5 ዲግሪ ገደማ በመሆኑ ሞለኪውሎቹ ስድስት ስድስት እየሆኑ ቀለበት ይሠራሉ፤ በመሐላቸውም ባዶ ቦታ ይቀራል። በረዶው ሲቀልጥ ይህ ሥርዓት በከፊል ስለሚፈርስ ሞለኪውሎቹ ይበልጥ ይቀራረባሉ፤ ውሃ ሲረጋ መጠኑ በ9 በመቶ ገደማ የሚጨምረውም በዚሁ ምክንያት ነው። አረፋ የበዛበት ነጭ በረዶ ከጠራው በጥቂቱ ከፍ ብሎ እንደሚንሳፈፍ አልክድም፤ አየሩ ግን በመንሳፈፉ ላይ የተጨመረ እንጂ የመንሳፈፉ ምክንያት አይደለም።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ላንሣ። ጽሑፉ በበረዶ ውስጥ እያንዳንዱ አቶም የማይዛነፍ ቋሚ ቦታ እንዳለው ይገልጻል። ይህ ለኦክስጅን እውነት ነው፤ ለሃይድሮጅን ግን አይደለም። በርናልና ፋውለር እ.ኤ.አ. በ1933 እንዳስረዱት በእያንዳንዱ የኦክስጅን አቶም አጠገብ ሁለት ሃይድሮጅኖች ይገኛሉ፤ በሁለት ኦክስጅኖች መካከል ባለው በእያንዳንዱ ትስስር ላይም አንድ ሃይድሮጅን ብቻ ይኖራል። ከዚህ ሕግ ሳይወጡ ሃይድሮጅኖቹ በስፍር ቁጥር በሌላቸው መንገዶች ሊቀመጡ ይችላሉ፤ በሐይቅ ላይ ያለው በረዶም በዚህ ረገድ ሥርዓት የለሽ ነው። ላይነስ ፖሊንግ በ1935 ከዚሁ ተነሥቶ በረዶ እስከ ፍጹም ዜሮ ቢቀዘቅዝ እንኳ የሚተርፈውን ኢንትሮፒ (የሥርዓት የለሽነት መለኪያ) አስልቷል፤ ስሌቱም ከላቦራቶሪ ልኬት ጋር ተስማምቷል።

ዋናው ተቃውሞዬ በሁለተኛው ነጥብ ላይ ነው። አመዳይ በአየር ውስጥ ተንጠልጥሎ ከውሃ ተን የሚያድግ ክሪስታል ነው፤ በዙሪያው የሚገፋው ጎረቤት ስለሌለ በሞለኪውሎቹ ውስጥ ያለው ባለ ስድስት ጎን ሥርዓት በውጫዊ ቅርጹ ላይ ሊገለጥ ይችላል። የሐይቅ በረዶ ግን ከፈሳሽ ውሃ፣ በአንድ አቅጣጫ፣ ከላይ ወደ ታች ያድጋል፤ ክሪስታሎቹም ከመጀመሪያው ሰዓት ጀምሮ ጎን ለጎን ተጣብቀው አንዱ ሌላውን እየገፋ ያድጋሉ። ውጤቱ ከላይ ሲታይ ጠርዙ የተዛባ፣ ከጎን ሲታይ ደግሞ ቁመቱ ከስፋቱ የሚበልጥ የአምዶች ስብስብ ነው። ባለ ስድስት ጎን ቅርጽ ያለው ቅንጣት እንዲህ ባለ በረዶ ውስጥ ፈልጎ ማግኘት አይቻልም፤ ስድስት ጎኑ ያለው በሞለኪውሎቹ ድርድር ውስጥ ነው።

ስለዚህ ስለ ሐይቅ በረዶ የሚጠየቀው ዋና ጥያቄ የእያንዳንዱ ክሪስታል ዛቢያ ወዴት ያመለክታል የሚለው ነው። የበረዶ ክሪስታል አንድ ዋና ዛቢያ አለው፤ ባለ ስድስት ጎኖቹ ቀለበቶች የተዘረጉበት ወለል ለዚህ ዛቢያ ቀጤ ነክ ሲሆን መሠረታዊ ወለል ይባላል። በዛቢያው አቅጣጫ በሚለካ አንድ ሚሊሜትር በረዶ ውስጥ 2.7 ሚሊዮን ገደማ እንዲህ ያሉ ንጣፎች ተነባብረዋል። ክሪስታሉ በሚረጋ ውሃ ውስጥ በመሠረታዊ ወለሉ አቅጣጫ ፈጥኖ፣ በዛቢያው አቅጣጫ ግን ዘግይቶ ያድጋል። በጸጥተኛ ውሃ ላይ መጀመሪያ የሚታዩት ክሪስታሎች ስስና ጠፍጣፋ የሚሆኑትም በዚህ የፍጥነት ልዩነት ነው።

ሚሼልና ራምሳየር እ.ኤ.አ. በ1971 ባቀረቡት ምደባ መሠረት የወንዝና የሐይቅ በረዶ በየፈርጁ ሲከፈል ይህ የዛቢያ አቅጣጫ አንዱ ዋና መለያ ነው። ነፋስ በሌለበት ሌሊት የመጀመሪያዎቹ ስስ ዲስኮች በውሃው ገጽ ላይ ተጋድመው ስለሚንሳፈፉ ዛቢያቸው ሽቅብ ይቆማል፤ ከሥራቸው የሚረጋውም ውሃ ይህንኑ አቅጣጫ ይዞ ይቀጥላል። ይህ ኤስ-1 የተባለው ዓይነት ሲሆን ክሪስታሎቹ ብዙ ጊዜ ትልልቅ ናቸው፤ ስፋታቸው አሥር ሴንቲሜትርና ከዚያም በላይ ሊደርስ ይችላል። ነፋስ ውሃውን ካናወጠው ወይም አመዳይ ከወረደበት ግን መነሻ የሚሆኑት ቅንጣቶች ብዙና ደቃቃ፣ ዛቢያቸውም በየአቅጣጫው የተበተነ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ፉክክር ይጀመራል። መሠረታዊ ወለሉ ቁልቁል የዞረ ክሪስታል ወደ ታች ፈጥኖ ስለሚያድግ ዘገምተኛ ጎረቤቶቹን ከሥር እየዘጋ ያስቀራቸዋል፤ ጥቂት ሴንቲሜትር ወረድ ሲባል የሚገኙት ዛቢያቸው የተጋደመ ክሪስታሎች ብቻ ናቸው ለማለት ይቻላል። ይህ ኤስ-2 ነው። የተረፉት ጥቂቶች ስለሆኑ አምዶቹ ወደ ታች በወረዱ ቁጥር እየሰፉ ይሄዳሉ። የተጋደሙት ዛቢያዎች በአንድ አቅጣጫ ሲሰለፉ ደግሞ ኤስ-3 ይባላል።

ይህን ማንም ሰው በዓይኑ ሊያየው ይችላል። ከበረዶው ጠፍጣፋ ቁራጭ ይጋዝና በመስታወት ላይ ተጣብቆ ውፍረቱ ከአንድ ሚሊሜትር በታች እስኪሆን ድረስ ይላጋል፤ ከዚያም እርስ በርስ ቀጤ ነክ ሆነው በተቀመጡ ሁለት ፖላራይዘሮች (በአንድ አቅጣጫ የሚርገበገብ ብርሃን ብቻ የሚያሳልፉ ማጣሪያዎች) መካከል ገብቶ ከኋላው ብርሃን ይበራበታል። በዓይን ሲታይ ድንበር ያልነበረው ወጥ በረዶ በአንዴ ሰማያዊ፣ ብርቱካናማና ግራጫ ሆኖ ይከፋፈላል፤ እያንዳንዱ ቀለም አንድ ክሪስታል ነው። በአግድም ከተቆረጠ ኤስ-2 በረዶ የተሠራውን ቁራጭ ስናሽከረክረው ክሪስታሎቹ በየተራቸው ይጨልሙና መልሰው ይበራሉ። ከኤስ-1 የተቆረጠው ግን ምን ያህል ቢሽከረከር እንደጨለመ ይቀራል፤ ብርሃኑ በዛቢያው አቅጣጫ ስለሚያልፍ በሁለት አይከፈልምና። በረዶ ብርሃንን ለሁለት የሚከፍልበት አቅም እጅግ ትንሽ ሲሆን፣ የሁለቱ የስብረት መጠኖች ልዩነት 0.0014 ገደማ ብቻ ነው፤ ይህን ሁሉ ለማሳየት ግን በቂ ነው።

ጸሐፊው በሐይቅ በረዶ ውስጥ ባለ ስድስት ቅጠል አበባ የመሰሉ ቅርጾች መታየታቸውን ለመከራከሪያነት አቅርበዋል። ቅርጾቹ በእርግጥ አሉ፤ ነገር ግን የቀለጡ ስፍራዎች እንጂ በረዶውን የገነቡ ቅንጣቶች አይደሉም። ጆን ቲንዳል እ.ኤ.አ. በ1858 እንደገለጻቸው ብርቱ ብርሃን ወደ ጠራ በረዶ ሲገባ በውስጡ ያሉ ነጥቦች ይቀልጡና በመሠረታዊ ወለሉ ላይ የተነጠፉ፣ ውሃ የሞላባቸው ጠፍጣፋ አበቦች ይሠራሉ። በአበባው ውስጥ የምትታየው ክብ ነጥብ ደግሞ አየር ሳትሆን ከጥቂት የውሃ ተን በቀር ባዶ የሆነች ስፍራ ናት፤ የቀለጠው ውሃ ከቀድሞው በረዶ ያነሰ ቦታ ስለሚይዝ የቀረውን ክፍተት ታሳያለች። እንግዲህ ጸሐፊው ለሁለተኛው ነጥባቸው ያቀረቡት ማስረጃ የመጀመሪያውን የሚያፈርስ ሆኗል ማለት ነው። እነዚህ አበቦች ተጋድመው ከታዩ የክሪስታሉ ዛቢያ የቆመ፣ ቆመው ከታዩ ደግሞ ዛቢያው የተጋደመ መሆኑን ያለ ምንም መሣሪያ መለየት ይቻላል።

ስለ ወንዝ የተጻፈው ብዙ የሚያከራክር አይደለም፤ ከላይ ብቻ ይረጋል የሚለው ሐሳብ ግን ይታረም። የሚናወጥ ወንዝ ሙቀቱ ከመርጊያ ነጥቡ በመቶኛ ክፍልፋይ ዲግሪዎች ዝቅ ሲል በመላ ጥልቀቱ ፍራዚል የሚባሉ ደቃቅ ዲስኮች ይፈጠራሉ፤ ስፋታቸውም ከጥቂት ሚሊሜትር አይበልጥም። ከእነዚህ አንዳንዶቹ በወንዙ ወለል ላይ ካሉ ድንጋዮች ጋር ይጣበቃሉ። የተቀሩት ወደ ላይ ወጥተው ሲከማቹ የሚሠሩት በረዶ አምድ የሌለው፣ ዛቢያውም በየአቅጣጫው የተበተነ ነው።

የባሕርን በረዶ በተመለከተ ጸሐፊው አንድ እውነት ይዘው ወደ ስሕተት አምርተዋል። የባሕር በረዶ ከሐይቅ በረዶ የተለየ ጠባይ እንዳለው አያጠያይቅም፤ ልዩነቱን ያመጣው ግን ጨው ክሪስታሉ ውስጥ መግባቱ ሳይሆን መግባት አለመቻሉ ነው። የሶዲየምና የክሎሪን አዮኖች በበረዶ ሞለኪውሎች ድርድር ውስጥ የሚመቻቸው ቦታ ስለሌለ ከሚረጋው ውሃ ይባረራሉ። በአንድ ኪሎ ግራም 35 ግራም ጨው የያዘ የባሕር ውሃ ከዜሮ በታች በ1.9 ዲግሪ ገደማ መርጋት ሲጀምር፣ የተባረረው ጨው ከበረዶው ሥር ስለሚከማች የሚያድገው ገጽ ለጥ ያለ መሆኑ ቀርቶ በቀጫጭን ሳንቃዎች ይከፈላል። ሳንቃዎቹ ቁልቁል የቆሙ፣ ዛቢያቸውም የተጋደመ ሲሆን፣ በመካከላቸው ያለው ርቀት አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሚሊሜትር ያንሳል። ጨዋማው ውሃ በሳንቃዎቹ መካከል በትናንሽ ኪሶች ይታሰራል። ሳንቃዎቹ ራሳቸው ግን ንጹሕ በረዶ ናቸው፤ የሞለኪውሎቻቸውም አቀማመጥ ከሐይቅ በረዶ አይለይም።

ጨው ከክሪስታሉ ጋር ይዋሐዳል የሚለው አባባል የማያስኬድ መሆኑ ብርዱ ሲጠነክር ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። በኪሶቹ ውስጥ ካለው ውሃ ተጨማሪው እየረጋ የቀረው ይበልጥ ጨዋማ ይሆናል፤ ከዜሮ በታች 23 ዲግሪ ገደማ ሲደርስም የገበታ ጨው ከውሃ ጋር ተጣምሮ ሃይድሮሃላይት የተባለ የራሱን ክሪስታል ይሠራል። በመርጋት ጫፍ ላይ እንኳ በረዶው ጨዉን አልተቀበለውም፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። በሌላ በኩል በረዶው ሲሞቅ ኪሶቹ ይሰፋሉ፣ ይገናኛሉም። ጨዋማው ውሃ ከበረዶው መጠን 5 በመቶ ገደማ ሲሆን መተላለፊያዎች ስለሚከፈቱ ጨዉ ወደ ባሕሩ ይወርዳል። አንድ በጋ ያለፈበት የባሕር በረዶ ከአዲሱ ይልቅ ጨው የሚያንሰው፣ ላይኛው ክፍሉም ሲቀልጥ ሊጠጣ የሚችል ውሃ እስከ መስጠት የሚደርሰው በዚህ መንገድ ነው። ጨው በክሪስታሉ ውስጥ ታስሮ ቢሆን ኖሮ በረዶው ሳይቀልጥ ሊወጣ አይችልም ነበር።

ውሃ በ4 ዲግሪ ገደማ ከሁሉ ይበልጥ ከባድ ስለሚሆን ሐይቅ ከላይ ይረጋል የሚለው ማብራሪያቸው ትክክል ነው። ይህንኑ ወደ ውቅያኖስ መውሰዳቸው ግን አያዋጣም፤ በኪሎ ግራም ከ24.7 ግራም በላይ ጨው ያለው ውሃ እስከ መርጊያ ነጥቡ ድረስ በቀዘቀዘ ቁጥር እየከበደ ይሄዳል። ስለዚህ የላይኛው ውሃ እየሰመጠ ከሥሩ ካለው ጋር ይቀላቀላል እንጂ እንደ ሐይቁ ላዩ ላይ አይቆይም።

አራተኛው ነጥብ በአጭሩ ሊዘጋ የሚችል ነው። ሃያ ገደማ የበረዶ ክሪስታል ዓይነቶች መታወቃቸው እውነት ነው፤ አብዛኞቹ ግን የሚገኙት በላቦራቶሪ ነው። ተራውን በረዶ ወደ ሌላ ዓይነት በግፊት ለመለወጥ 200 ሜጋ ፓስካል ገደማ ያስፈልጋል። 11 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚጠልቀው የውቅያኖስ ሸለቆ ያለው ግፊት እንኳ የዚህን ግማሽ ያህል ቢሆን ነው፤ ውፍረቱ 5 ኪሎ ሜትር የማይሞላው የአንታርክቲካ በረዶ በመሠረቱ ላይ የሚያሳድረው ጫና ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ያለ ግፊት፣ በብርድ ብቻ ሃይድሮጅኖቹ የሚሰለፉበት ዓይነት የሚጸናው ከዜሮ በታች 201 ዲግሪ ገደማ ሲደረስ ነው፤ በምድር ገጽ በቴርሞሜትር ከተመዘገበው ሁሉ ዝቅተኛው ግን እ.ኤ.አ. በ1983 በአንታርክቲካ በሚገኘው በቮስቶክ ጣቢያ የተለካው ከዜሮ በታች 89.2 ዲግሪ ነው። የባይካል ሐይቅ በረዶም ሆነ የአርክቲክ ባሕር፣ በጥርም ሆነ በሚያዝያ፣ ያው አንዱ ዓይነት ነው።

የመጨረሻው ነጥብ የሰው ሕይወት የሚነካ በመሆኑ ጠበቅ አድርጌ ላንሣው። ጸሐፊው 10 ሴንቲሜትር የሆነ በረዶ ሁልጊዜ ሰው ይሸከማል ብለዋል። ይህ ቁጥር በብዙ የደኅንነት መመሪያዎች ላይ ይገኛል፤ የሚሠራው ግን ለአዲስ፣ ለጠራና ወጥ ለሆነ በረዶ ነው። አመዳይ ሲከማች በረዶውን ይጫነውና በስንጥቆቹ ውሃ ያወጣል፤ ውሃውና አመዳዩ ተዋሕደው ሲረጉ ከላይ ነጭ፣ አረፋ የበዛበት፣ ክሪስታሉም ደቃቅ የሆነ ንጣፍ ይፈጠራል። እንዲህ ያለ ነጭ በረዶ የጠራውን ግማሽ ያህል ጥንካሬ እንዳለው ተደርጎ ስለሚታሰብ ውፍረቱ በእጥፍ እንዲሆን ይመከራል። ነጩን የሸመገለ፣ የጠራውን ደግሞ ገና ያልጠነከረ አድርገው ማቅረባቸውም ከዚህ ጋር ይጋጫል። አንድ ሐይቅ በአንድ ክረምት ሁለቱንም ሊያበቅል ይችላል፤ ጠራ ያለው ከታች ወደ ውሃው፣ ነጩ ከላይ በአመዳዩ ውስጥ።

ከሁሉ የሚከፋው ግን የጸደዩ በረዶ ነው። ክሪስታሎቹ በሚጋጠሙበት ድንበር ላይ ከሚረጋው ውሃ የተባረሩ ጥቃቅን ጨዎችና ቆሻሻዎች ተከማችተው ስለሚገኙ የዚያ ስፍራ የመቅለጫ ነጥብ በጥቂቱ ዝቅ ያለ ነው። የፀሐይ ብርሃን ወደ በረዶው ዘልቆ ሲገባ ከክሪስታሎቹ አካል ይልቅ ድንበሮቻቸው ቀድመው ይቀልጣሉ፤ ኤስ-2 በረዶም ቁመቱ ሙሉ ሆኖ ሳለ እርስ በርስ ወደማይያያዙ የቆሙ ዘንጎች ይለወጣል። የሻማ በረዶ የሚባለው ይህ ነው። በመሰርሰሪያ ተበስቶ ቢለካ ውፍረቱ ግማሽ ሜትር ሊሆን ይችላል፤ አንዱን ዘንግ ለብቻው ብንመዝዘውም ጠንካራ፣ የጠራ ክሪስታል ነው፤ የረገጠውን ግን አይሸከምም፤ ዘንጎቹ ተለያይተው ያሳልፉታል። ሌሊት ብርድ ከሆነ በድንበሮቹ ያለው ውሃ መልሶ ስለሚረጋ ማለዳ ላይ ሰው የተራመደበት በረዶ፣ ውፍረቱ በሚታይ መጠን ሳይቀንስ፣ ከቀትር በኋላ እግር ሊበሳው ይችላል።